የጋሽ ደምሴን ቀስት አውታር የቀየርኩ ቀን

ሰው የተበላሸ ዕቃ ሲሰጣችሁ፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ቀጥታ ወደ ጥገናው ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን የምታውቁት ስለመሰላችሁ? እኔ ገብቼ አውቃለሁ። ዕቃው የአንድ የሞተ ሰው የአደን ቀስት ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት የሟቹ ልጅ ረድኤት በሩን ስትከፍትልኝ በሁለት ዓይኖቿ ነበር ያየችኝ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መምህር ነኝና ቅደም ተከተል እወዳለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ሚድል ስኩል ሳይንስ አስተምራለሁ። ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር አልነበረም፤ መቀሱም፣ መነጽሩም፣ ወንበሩም። ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ማስረዳት እወዳለሁ። አንድ ቀን ምግብ ቤት ተቀምጬ አምቦ ውሃ ለምን አረፋ እንደሚያወጣ ለአስተናጋጇ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ስጨርስ «እሺ፣ የሚበላስ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤታቸው ምድር ቤት ሰባት ወር አስቀመጡን። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ቀስታቸውን ይዘው ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ አጋዘን ያድናሉ። ጓደኞቻቸው አንድም ቀን አልተውዋቸውም። «ሥጋ ቤቱ እዚህ በአፍንጫህ ስር እያለ ጫካ ምን ያስኬድሃል?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ሥጋ ቤቱ ውስጥ ወሬ ይበዛል» ይላሉ።

ስለ ቀስቱ ትንሽ ላስረዳ፤ የኋላው ያለዚህ አይገባችሁም። በሥዕል የምታውቁት የእንጨትና የጅማት ቀስት አይደለም። መሐሉ ብረት ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጠንካራ ክንፎች አሉት፤ በየክንፉ ጫፍ መዘውር አለ፤ አውታሩ፣ ፍላጻውን የሚወረውረው ገመድ፣ በመዘውሮቹ ላይ ይዞራል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምንም የማያደርግ ሲመስላችሁም ክንፎቹ እንደተወጠሩ ናቸው። ስለዚህ አውታሩን በባዶ እጅ መቀየር አይቻልም። ክንፎቹን ፕሬስ በሚባል መሣሪያ ቀስ እያሉ ማጠፍ፣ አውታሩ ሲላላ ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ እዚያው ጋራዣቸው ውስጥ። እሳቸው በቃል ሲነግሩኝ እኔ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ቁጥር ሰጠሁት፤ አሥራ አራት ደረጃ ሆነ። ደብተሬን አይተው ሳቁብኝ። «እኔ አሥር ዓመት ስሠራው ሦስት ነገር ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ በጥቅምት ወር ልባቸው ድንገት ቆመ።

ሙት ዓመታቸው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ረድኤት ደወለችልኝ። ረዲ ነው የምንላት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ታጸዳ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ጫካ የምትገባው እሷ ብቻ ነበረች።

«የአባቢ ቦው ስትሪንጉ ተበጥሷል» አለችኝ። «አዲስ ኦርደር አድርጌ መጥቶልኛል። ሱቁ ጋ ስደውል ሦስት ሳምንት ጠብቂ አሉኝ። አንተ ትችላለህ አይደል?»

«እችላለሁ። መጀመሪያ ግን የአውታሩ ርዝመት…»

«ቲቸር፣ ፕሊስ። ሌክቸሩን ስትመጣ። በሙት ዓመቱ ጠዋት አንድ ፍላጻ መተኮስ ነው የምፈልገው። ጀስት ዋን። በሱ ቦው፣ በሱ ዒላማ።»

አውታሩ እንዴት እንደተበጠሰ አልጠየቅኳትም። ዓመት ሙሉ የተሰቀለ አውታር ነው፤ ይደርቃል፣ ይበጠሳል። ስልኩን ዘግቼ ደብተሬን ፈለግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ደረስኩ። የረዲ እናት ለሙት ዓመቱ ዝግጅት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ጋራዡ ውስጥ ግን ጋሽ በቀለ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋሽ በቀለ የሟቹ የአገር ልጅና የልብ ጓደኛ ናቸው። ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ ሲሸከሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰባ አልፏቸውም ትከሻቸው የበር ያህል ነው። ከቀብሩ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የቤቱን ጎደሎ ያያሉ፤ አምፖል ይቀይራሉ፣ ቅጠል ይጠርጋሉ።

ቀስቱን ጠረጴዛው ላይ ሳጋድመው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ማዞር ጀመሩ።

«መምህር፣ ይሄ ነገር አርጅቷል። ባይነካ አይሻልም?»

«አይ ጋሼ፣ የሚያረጀው አውታሩ ብቻ ነው» አልኳቸው። ቀጠልኩ። ብረቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ክንፎቹ ከምን እንደተሠሩ፣ አውታር ለምን በየሁለት ሦስት ዓመቱ እንደሚቀየር። በጥሞና አዳመጡኝ፤ እኔም በደንብ የሚያዳምጥ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

«እንደሱ ነው?» አሉ።

«እንደሱ ነው።»

የዓይን መከላከያ መነጽሬን አድርጌ ደብተሩን ከፈትኩ። ደረጃውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ተማሪዎቼንም እንዲህ ነው የማሠራቸው። አንድ፣ ፎቶ አንሣ። ሁለት፣ ከመዘውር መዘውር ያለውን ርቀት ለካ። አውታሩ ስለተበጠሰ ሁለተኛውን ከመመሪያው ወረቀት ወሰድኩት። ሦስት፣ ብሎኖቹን ፈትሽ። አራት፣ መነጽር አድርግ። አምስተኛው ላይ ስደርስ የጋሽ ደምሴ ድምፅ እንዳለ ነበር የተጻፈው፦

«ቀስቱ ወድቆ ከሆነ ወይም ፍላጻ ሳይኖርበት ተለቅቆ ከሆነ፣ ክንፎቹን በጥጥ ጥረግ። ጥጡ ከያዘ ቀስቱን ጣለው፤ አታሳዝነኝ።»

ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ቀስት ሲለቀቅ ኃይሉን ይዞ የሚሄደው ፍላጻው ነው። ፍላጻ ከሌለ ያ ሁሉ ኃይል ወደ ቀስቱ ይመለሳል። ክንፉ ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል። ጣት አያገኘውም። ጥጥ ግን ስታሳልፉበት ጭረቱ ላይ ይያዛል።

ይህን ለረዲና ለጋሽ በቀለ አስረዳሁ። ከዚያ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብዬ ወደ ስድስተኛው አለፍኩ።

ጥጡ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር፣ በጠርሙስ ውስጥ። ክዳኑ ሰማያዊ ነው። ዛሬም ሰማያዊ ክዳን ሳይ እጄ ወደ እሱ ይሄዳል።

ጋሽ በቀለ ኮፍያቸውን ማዞር አቆሙ። «አውታሩ ግን…» አሉ። «አውታሩ እንዴት እንደተበጠሰ…»

«እሱማ ግልጽ ነው ጋሼ። ሰም ካልተቀባ ይደርቃል። ይኸው ጫፉን ይዩት፣ እንደ አሮጌ ገመድ ተበጣጥሷል።» የተበጠሰውን ጫፍ ዓይናቸው ድረስ አስጠግቼ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ። ያን ጊዜ የገባቸው መስሎኝ ነበር።

ፕሬሱን አጠበቅኩ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። አዲሱ አውታር ቀይና ጥቁር ነበር፣ ረዲ የመረጠችው። መሐሉ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ቀለበት ትታሰራለች፤ ተኳሹ ዒላማውን የሚያየው በእሷ በኩል ነው። ስለዚህ ቀለበቷ በትክክል ከተኳሹ ዓይን ትይዩ መሆን አለባት።

«የድሮው ላይ የት ነበረች?» አለች ረዲ።

ለካሁት። «ያ ግን የአባትሽ ዓይን ቦታ ነው። ላንቺ አንድ ኢንች ያህል መውረድ አለባት። አየሽ፣ የሰው አገጭ…»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ግን የአባቢ ዓይን ያለበት ቦታ አድርግልኝ። ለዚያች አንድ ሾት። ከዚያ ትቀይረዋለህ።»

እንደፈለገችው አሰርኩላት። ሕፃን ሆና አባቷ ትከሻ ላይ የተቀመጠች ያህል ፊቷ በራ።

ፕሬሱን ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። ክንፎቹ አውታሩን ወጠሩት። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ከዚያ አሥራ ሦስተኛው ደረጃ፦ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ሳትለቅ ቀስ ብለህ መልስ። አንድ ጊዜ ሳብኩ፤ ደህና ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስስብ፣ መጨረሻው ላይ፣ ከላይኛው ክንፍ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

ጢቅ።

በጥፍር የብርጭቆ ጠርዝ እንደመንካት ያለ ድምፅ። ትንሽ፣ ንጹሕ።

ጋሽ በቀለ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሰማህ?»

«አዎ፣ አዲስ አውታር ሲደላደል ነው። መዘውሩ ላይ ቦታውን ሲይዝ…»

«ቆይ አንተ ልጅ፣ በአርባው ቀን እኮ እኔ…»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይታገሡኝ፤ ልኬቱ እንዳይጠፋብኝ።» ሜትሬን ዘረጋሁ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ቀና ስል ተቀምጠዋል። ምን ሊሉ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። ቁጥሩ ትክክል ነበር።

ረዲ ለመሞከር ጓጉታ ነበር። ዒላማው ጋራዡ ጥግ ነው፣ የተጠቀለለ ገለባ፣ ጋሽ ደምሴ ለዓመታት የበሳሱት። ፍላጻውን ሰካች። ቀለበቷ ለእሷ ከፍ ስለምትል አንገቷን ሰግጋ፣ ጉንጯን አውታሩ ላይ አስጠግታ፣ አባቷ ያዩበት ቀዳዳ ላይ ዓይኗን አደረገች።

«ልጄ፣ ተይው» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ኦኬ ነው ጋሽ በቀለ፣ ቲቸር ቼክ አድርጎታል።»

መነጽሬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ከሦስታችን ያን ቀን መነጽር ያደረግኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለራሴ።

ሳበች። ሙሉ በሙሉ ሳበች። ቀስቱ እጇ ላይ ፈነዳ።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም። የላይኛው ክንፍ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ መዘውሩና አውታሩ ወደ ፊቷ ተመለሱ። አልጮኸችም። «ኦ» ብቻ አለች፣ አንድ ነገር የረሳ ሰው እንደሚለው፣ ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች። የጮኹት ጋሽ በቀለ ናቸው። አምቡላንስ ጠርቼ አድራሻውን ነገርኳቸው፤ የቤቱን ቁጥር፣ መንገዱን፣ የጋራዡ በር በየት በኩል እንደሆነ። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደሚሰማው ነበር፣ ረጋ ያለና የተስተካከለ። ያን ድምፄን ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራዋለሁ።

ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ እኔና ጋሽ በቀለ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኮፍያቸውን ጋራዡ ውስጥ ረስተውታል፤ እጃቸው ግን ባዶውን ይዞራል። እናቷ ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን ጋሼ?»

«በአርባው ቀን። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋራዥ ገባሁ። በእኛ አገር አዳኝ ሲሞት ጠመንጃው ይተኮሳል። ወዳጁ ነው የሚተኩስለት። እዚህ የት ይተኮሳል? ፖሊስ ይመጣል። ደምሴ ሳይተኮስለት ቀረ እያልኩ አርባ ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ቀስቱን አወረድኩና ሳብኩት። ለቀቅኩት።»

«ፍላጻ ነበረበት?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ሰው ብጎዳስ? ሰው እንዳልጎዳ ብዬ ፍላጻውን አወጣሁት።»

አምስተኛው ደረጃ ትዝ አለኝ።

«አውታሩ ተበጠሰ። አሳፈረኝ። የሟች ዕቃ ሰበረ እንዳልባል መልሼ ሰቀልኩት።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ እንግዳ ተቀባይዋ ቀና አለች።

«ልነግርህ ነበር» አሉ። «ባይነካ አይሻልም ስልህ፣ ብረቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ነገርከኝ። አውታሩ እንዴት እንደተበጠሰ ልነግርህ ስል፣ ሰም ስላልተቀባ ነው አልከኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ የተማረ ነው፣ እሱ ካለ እውነትም ሰሙ ይሆናል፣ እኔ አልሰበርኩትም ብዬ ደስ አለኝ። ጢቅ ሲል ሰምቼ ተነሣሁ፤ ታገሠኝ አልከኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ መምህር። ሦስት ጊዜ አስተማርከኝ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቆጥረው ማስረከባቸው ነበር።

አመሻሽ ላይ የረዲን ልብስ ለማምጣት ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ጋራዡ ክፍት ነበር። ሰማያዊውን ክዳን ከፍቼ ጥጥ ወሰድኩና ያልተሰበረውን፣ የታችኛውን ክንፍ ጠረግኩት። ከላይ ወደ ታች፣ ደረጃ አምስት እንደሚለው። መሐሉ ላይ ያዘ። አንዲት ነጭ ክር ክንፉ ላይ ቀረች። ዓይኔን አስጠግቼ ባይ ስንጥቁ አይታይም፤ የሚታየው ክሯ ብቻ ነበረች።

ረዲ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀኝ ዓይኗ ዛሬ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ አያልፍም። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ስለሚያስቸግር ጥርስ ማጽዳቱን ትታ እዚያው ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጣ ቀጠሮ ትይዛለች። ጋሽ በቀለ ሄደው እግሯ ላይ ሲወድቁ አንሥታ አቀፈቻቸው። እኔን ግን ወራት ቆይታ ነው ያነጋገረችኝ።

«ጋሽ በቀለ ፈሩ» አለችኝ። «ያ ይገባኛል፣ እኔም እፈራለሁ። አንተ ግን አልፈራህም። አንተ ፊኒሽ ማድረግ ነበር የፈለግከው።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጌ የማውቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ እናንተ፣ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ቀስት ነክታችሁ አታውቁ ይሆናል። ግን ልጃችሁ የተሰበረ ስልክ ያመጣላችኋል፤ ባለቤታችሁ መኪናው ድምፅ ያወጣል ትላችኋለች፤ አንድ ሽማግሌ ጥግ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ያዞራሉ። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰውን «ምን አድርገውት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፤ ትልቅ ሰውም «እኔ ነኝ» ማለት ያሳፍረዋል። በዚህ መሐል ያለውን ዝምታ እኔ በእውቀት ሞላሁት። የነገርኳቸው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሰም ያልተቀባ አውታር ይደርቃል፣ አዲስ አውታርም ይደላደላል። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ በአረፍተ ነገር መሐል ያቺን ጢቅ እሰማታለሁ። ተማሪዎቼ ለምን ድንገት ዝም እንደምል አያውቁም፤ ለምደውታል።

ደብተሬ ላይ አሁን ከአንድ በፊት ዜሮ አለ። «ጠይቅ፣ ከዚያ ሃያ ቁጠር» ይላል።

ዛሬውኑ ሞክሩት። የሚጠገን ነገር ይዞ የመጣ ሰው ካለ «ምን ሆኖ ነው?» በሉት፣ ከዚያ አፋችሁን ዝጉና በልባችሁ ቁጠሩ። አምስት ላይ ያስጨንቃል። አሥር ላይ መልሱን ራሳችሁ ልትሰጡ ያሰኛችኋል፤ አትስጡ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ በቀለ የማይሠራ ሬዲዮ ይዘው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተው ነበር። ጠየቅኳቸውና መቁጠር ጀመርኩ። ኮፍያቸው ዞረ፣ ዞረ። አሥራ ሰባት ላይ «እኔ ነኝ የጣልኩት» አሉ።

እባካችሁ፣ ሃያ ድረስ ቁጠሩ።